ሥሩን ያየችው እንቁራሪት

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ከሰጣችሁኝ ላውጋችሁ።

ከሐይቁ ማዶ አንድ እንግዳ አረም በቀለ። አበባው ያምራል፤ ከበታቹ የዋለ ዓሣ ግን ትንፋሽ እያጠረው ይሞታል። እንቁራሪት ፈራች።

«ጠልቄ ሥሩ የት እንደተተከለ ልይ፤ ስንቅ አዋጡልኝ» አለች።

ዓሦቹ ከጉሮሯቸው ቀንሰው ሰጧት። ጎተራው የሞላው ጉማሬ ግን፣ «አረም እግር የለው፤ ከማዶ ተነሥቶ አይመጣብኝ! ስንቄን በከንቱ አልበትንም» ብሎ ተኛ።

እንቁራሪት ሄደች። ስንቋ መንገድ ላይ አለቀባት፤ ያገኘችውን ምግብ እየለቃቀመች ስትጓዝ ክረምቱ አለፈ። ሥሩን አይታ ተመለሰች።

«አያ ጉማሬ! አረሙ መሬት አልያዘም፤ ሥሩን አንጠልጥሎ በውኃው ላይ ይሄዳል!»

«እና አሁን የት ደረሰ?» አለ ጉማሬ ዓይኑን ሳይገልጥ።

እንቁራሪት ጆሮው ላይ ያረፈውን አበባ እያየች ወደ ኋላዋ አፈገፈገች።