ኤሊ ራሱን እስኪያወጣ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱ ላይ፣ አንበሳ ውሃ ያለበት አገር ሊፈልግ ወደ ቆላ ወረደ። ከመውረዱ በፊት የአራዊቱን ግልገሎች ሁሉ አንድ ዋሻ ውስጥ ሰብስቦ በሩን በሁለት መወርወሪያ አስዘጋ። ለበሩ ዝንጀሮን ሾመ። ዝንጀሮ ጉልበት አያንሰውም፤ የሚያንሰው ትዕግስት ነው። ስለዚህ አንበሳ ኤሊን አጠገቡ አስቀመጠለት።

የኤሊ ሥራ ገበጣ መጫወት ነበር። ገበጣው ስድስት ጉድጓድ አለው። ጨዋታው ሲጀመር በየጉድጓዱ ስንት ስንት ጠጠር እንደሚቀመጥ የሚያውቁት አንበሳና ኤሊ ብቻ ናቸው። አንበሳ መልእክት ሲልክ፣ ቆላ ባለው ገበጣ ላይ ለእያንዳንዱ ቃል ከተመደበለት ጉድጓድ ጠጠር እያነሳ ያዞራል፤ መጨረሻ ላይ በየጉድጓዱ የቀረውን ቁጥር ገመድ ላይ ቋጥሮ ከመልእክተኛው አንገት ያስራል። ኤሊም የደረሰውን ቃል በራሱ ገበጣ ይጫወተዋል። ቋጠሮና ጠጠር ከገጠሙ መልእክቱ የአንበሳ ነው። አንድ ቃል ከተለወጠ አይገጥሙም።

«ኤሊ ሲጫወት ራሱን ቅርፊቱ ውስጥ ይከታል፤ ማን እንደመጣ አያይም» አለው አንበሳ ዝንጀሮን። «ራሱን እስኪያወጣ ድረስ መወርወሪያ እንዳትነካ!»

መልእክተኛዋ አህያ ነበረች። ውርንጭላዋ ዋሻው ውስጥ ስለሆነ ከእሷ የበለጠ የሚታመን አልተገኘም። አንድ ቀን አንበሳ «ዋሻውን ነገ ክፈቱ፤ ጎሾች መጥተው ልጆቹን ወደ ውሃ ይወስዳሉ» ብሎ ላካት። እንዳትረሳው ጮክ ብላ እየደጋገመች ዳገቱን ስትወጣ ቀበሮ ሰማት። ወዲያው በአቋራጭ ሮጦ ከጅብ ጋር ተማከረና መንገዷ ላይ ጠበቃት።

«እመት አህያ፣ ምነው ነገ ትያለሽ? ጌታችን ያለው ዛሬ ነው እኮ! ጎሾቹ ደርሰዋል፤ አቧራቸውን አታይም?»

እውነትም ከቁጥቋጦው ጀርባ አቧራ ይነሳ ነበር። የሚያስነሳው ጅብ ነው። ቀበሮ «አንተ መሬቱን ጫር፤ በሩ ሲከፈት ትበላለህ» ብሎታል። ጅብ ከዚህ ሁሉ የገባው «ትበላለህ» የምትለው ብቻ ብትሆንም፣ ለዚያች ቃል ሲል ጥፍሩ እስኪነቀል ይጭራል።

አህያ ልጇን ካየች ሰንብታለች። «ዛሬ ነው እንዴ?» አለች። እንዲሆንላት የምትፈልገው እሱ ስለነበር ለማመን አልተቸገረችም።

በሩ ላይ ደርሳ «ዋሻውን ዛሬ ክፈቱ» ብላ መልእክቱን ተናገረች። ዝንጀሮ ቃሉን አንድ በአንድ ለኤሊ አቀበለው። ኤሊ ራሱን ከተተና ጠጠሩን በእግሩ ማዞር ጀመረ። ውርንጭላው የእናቱን ድምፅ ሰምቶ ከውስጥ አናፋ።

«ኧረ ቶሎ በሉ!» አለ ቀበሮ መንገደኛ መስሎ። «ጎሽ በር ላይ አይገተርም።»

ዝንጀሮ ገመዱንና ገበጣውን አስተያየ። ጠጠሩ ገና እየዞረ ነው፤ ግን አራቱ ጉድጓድ ገጥመዋል። «ገጠመ!» ብሎ አንደኛውን መወርወሪያ ሳበ።

ኤሊ ጠጠሩን ማዞሩን ቀጠለ።

«አያ ኤሊ፣ ያመጣችው እናትየዋ ናት እኮ! እናት በልጇ ላይ ትዋሻለች?» አለ ዝንጀሮ።

ኤሊ ራሱን አላወጣም። ዝንጀሮ ሁለተኛውን መወርወሪያ ጨብጦ ቆመ። ብልህ ሆኖ አይደለም፤ የአንበሳ ጥርስ ትዝ ብሎት ነው።

ኤሊ የመጨረሻዋን ጠጠር አስቀምጦ ራሱን አወጣ። አሁን ከስድስቱ የገጠሙት ሁለት ብቻ ነበሩ።

«አይከፈትም» አለ።

«አራቱ ገጥመው ነበር!»

«ሳልጨርስ ነዋ! የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። አንተ ግን ያፈሰስከውን ግልገል አትለቅመውም።»

አህያ አለቀሰች። «እኔን አላመንከኝም፣ አያ ኤሊ?»

«አንቺንማ አላየሁሽም፣ እመት አህያ። እኔ የማውቀው ከአንበሳ የወጣው ቃልና እዚህ የደረሰው ቃል አንድ አለመሆኑን ነው።»

ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው በማያውቁት አገር ነው ይባላል። ይኼኛው መጠበቅ ሰልችቶት በሚያውቁት አገር ከነአቧራው ዘሎ ወጣና «ጎሽ ነኝ፤ ክፈቱልኝ!» አለ። ዝንጀሮ በሳበው መወርወሪያ አፍንጫውን መታው። ጅብ እየጮኸ ቁልቁል ሮጠ፤ ቀበሮ ቀድሞት ሄዷል።

አህያ ወደ ኤሊ ቀረበች። «ነገ ነበር ያለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ናፍቆኝ ነው ዛሬ ያልኩት።»

ኤሊ አልተቆጣትም፤ አላጽናናትምም። ሁሉንም ፊታቸውን አስዙሮ ጠጠሩን ደረደረ፤ «ነገ» የሚለውን ይዞ ከመጀመሪያው ተጫወተ። ዝንጀሮ በዚህ ጊዜ እጁን ጀርባው ላይ አጣምሮ ጠበቀ። ስድስቱም ገጠሙ። ኤሊ ጠጠሩን ጠራርጎ ሰበሰበ። ቀበሮ የጠጠሩን አጀማመር ሊሰልል ተመልሶ ሲመጣ ያገኘው ስድስት ባዶ ጉድጓድ ነው።

በማግስቱ ጎሾች መጡ፤ ሁለቱም መወርወሪያ ተነሳ፤ ውርንጭላው ከእናቱ ጎን ወደ ውሃው ወረደ።

ከዚህ የምንማረው የመልእክተኛ ቅንነት ለመልእክቱ እውነትነት ዋስ እንደማይሆን፣ ተጀምሮ ያልተጨረሰ ማጣራትም እንዳልተጀመረ እንደሚቆጠር ነው።