ሃያ ሦስት ነጠላ

አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች። አንድ ቅዳሜ ሃያ ሦስት ሕፃናት ይዛ የከተማውን የእንስሳት ሙዚየም ልታሳያቸው ወጣች። እንዳይጠፉባት ብላ ሁሉንም የመዝሙር ነጠላ አለበሰቻቸው። ብልህ ናት፣ አይደል? እናንተም ብትሆኑ ይህንኑ ታደርጉ ነበር።

ሕፃናቱ ቆዳው ተሞልቶ የቆመውን አንበሳ አዩ፤ በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚዋኙትን ዓሦች እየተጋፉ አዩ። ሰዓቱ ሲደርስ "ልጆች፣ ኑ እንሂድ" ብላ ሰበሰበቻቸው። አውቶቡሱ በር ላይ ቆማ ራስ ራሳቸውን እየነካች አስገባች። ሃያ ሦስት። አላምን ብላ ደግማ ቆጠረች። ሃያ ሦስት። ሾፌሩን እንሂድ አለችው።

መንገድ ላይ ዳቦ ስታድል አንዲት ልጅ እጇን ሰበሰበች። ለምን እንደማትወስድ ጠየቀቻት።

"እኔ የእናንተ አይደለሁም" አለች ልጅቷ።

ለካ በዚያው ቀን ሌላ ደብርም ልጆቹን አምጥቶ ኖሯል። ልጅቷ ነጠላውን አይታ ተከትላ ገብታለች። መምህርቷ ክው አለች። ይህቺ ትርፍ ከሆነች፣ ከራሷ ልጆች አንዷ ጎድላለቻ! ማን ናት? ከወንበር ወንበር እየዞረች ፊታቸውን አየች። አላወቀችም። ሰባት ወር ያስተማረቻቸው ልጆች ናቸው፣ ወገኖቼ፤ ማን እንደጎደለ አላወቀችም። በመጨረሻ ሕፃናቱን ለመነቻቸው። ሐመልማል እንደሌለች የነገረቻት ከኋላ የተቀመጠች የስድስት ዓመት ልጅ ናት።

አውቶቡሱ ተመለሰ። የሌላው ደብር መምህር በሩ ላይ ቆሞ የጠፋችበትን ልጅ በስሟ እየተጣራ ነበር፤ ሲያያት ሮጦ አቀፋት። የኛዋ መምህርት ግን ዘበኛው ዘንድ ሄዳ ልጅ ጠፍታብኛለች አለች። ምን እንደምትመስል ጠየቃት። ነጠላ ለብሳለች አለችው።

ዘበኛው ትክ ብሎ አያት። "እህቴ፣ ዛሬ ነጠላ ያልለበሰ ልጅ መች ገባ?"

ጠይም ናት ወይስ ቀይ? ረጅም ናት ወይስ አጭር? ዘበኛው ይህን ሲጠይቃት ነጠላዋን እየጎተተች ወደ ውስጥ ሮጠች። አዳራሹ ጨለምለም ብሏል። ጅቡ ቆሟል፣ ነብሩ ጥርሱን አግጥጧል፤ ሰው የለም። ውጭ ወጥታ ቢሆንስ? መኪና ቢመታትስ? ለእናቷ ምን ብዬ እነግራታለሁ እያለች፣ አፏ ያልለመደውን ስም ትጣራ ጀመር። ሐመልማል። ሐመልማል።

"አቤት" አለች ልጅቷ።

ከዓሣው ገንዳ ጀርባ ተቀምጣለች። አታለቅስም፤ መምህርቷን ያስለቀሳትም ይኸው ነው። እንሂድ ሲባል አልሰማሽም ወይ ብላ ጠየቀቻት።

"'ልጆች' ስትዪ ሰምቻለሁ። እኔን አልመሰለኝም።"

ወገኖቼ፣ እኛ ቁጥር እንወዳለን። በዓል ባለፈ ቁጥር ይህን ያህል ሺህ ሕዝብ ተገኘ ብለን እናወራለን፤ ቅጥሩ ሞላ ብለን ደስ ይለናል። መሙላቱስ ሞልቷል። ግን በማን ቦታ ማን ቆሞ ነው የሞላው? አንዱ ሲቀር ሌላው ይገባል፣ ቁጥሩ ልክ ይሆናል፣ እኛም እንሂድ እንላለን። ጌታ ግን መቶው ቁጥር ጎደለብኝ ብሎ አልወጣም፤ የጠፋችውን አንዷን በግ ፍለጋ ነው የወጣው።

እኔም ከዚህ መድረክ ሁልጊዜ "ምእመናን" እላችኋለሁ። ስንቶቻችሁ እኔን አልመሰለኝም ብላችሁ ተቀምጣችሁ ይሆን? ይቅር በሉኝ።

እናንተም ዛሬ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትቸኩሉ። ባለፈው እሑድ አጠገባችሁ ቆሞ የነበረውን፣ ዛሬ ያላያችሁትን ሰው አስቡት። ስሙን የማታውቁት ከሆነ ጠይቁ። ከዚያም ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ፣ በሩ ላይ ቆማችሁ፣ በስሙ ጥሩት።