የተማለበት ዘይቱን

ስሟ ዛሬ ከሰው አፍ በጠፋ አንዲት አሮጌ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሸህ ሙሄ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ሸህ ያሰኛቸው የተማሩት ኪታብ ብዛት አልነበረም፤ ሰላታቸውን የማያዛንፉ፣ ጎረቤት የማያስቀይሙ ሰው ስለነበሩ ነው። ሀብታቸው አንዲት ትንሽ የፍራፍሬ ቦታ ናት፤ ግማሿ ብርቱካን፣ ግማሿ ዘይቱን።

ዘይቱኑ ላይ ትንሽ ልቆይ። የዚያች ከተማ ሰው አላህ በቃሉ፣ በቁርኣን፣ በዘይቱን መማሉን ከልጅነቱ ጀምሮ ይሰማል። እሱ ዘይቱን ብሎ የሚያውቀው ደግሞ ያንን ቆዳው ቢጫ፣ ሆዱ ቀይ፣ ዘሩ ጥርስ መሐል የሚሰነቀረውን ነው። ስለዚህ የሸህ ሙሄን ዘይቱን ገበያው «የተማለበት» እያለ ይጠራው ነበር። ለአራስ፣ ለሙሽራ፣ ለታመመ ሰው የሚወሰደው እሱ ነው። በየሰዉ ጓሮ የበቀለውም ያው ዘይቱን ነበር፤ ባለቤቱ ሸህ ስላልሆነ ይሆናል፣ መሐላው እዚያ ድረስ አልደረሰም። ሸህ ሙሄ ራሳቸው ከአባታቸው የሰሙትን አምነው፣ ቅርንጫፍ ለመግረዝ እንኳ እንደ ሰላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው ነበር ዛፉን የሚነኩት።

አንድ ዓመት በየካቲት፣ የብርቱካኑ አበባ ፈክቶ ሳለ፣ ደረቅ ነፋስ መጣና ሁሉንም አራገፈው። ሸህ ሙሄ መሬቱ ላይ የተነጠፈውን አበባ አይተው «አልሐምዱሊላህ፣ ዘይቱኑ አለ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በግንቦት በየግንዱ ዙሪያ ኮትኩተው የበሰለ ፍግ አለበሱት። በሰኔ ነጭ አበባው ወጣ። በነሐሴ ቅርንጫፉ ፍሬ ከብዶት ሲጎብጥ ባላ እየቆረጡ ደገፉት፤ ባለቤታቸው ሩቅያም ከወፎች ጋር ስትጣላ ትውል ጀመር። መስከረም ሲጠባ ሽታው ወንዝ ተሻግሮ ይጣራ ነበር። የዚያ ዓመት መውሊድ ደግሞ ከመብሰሉ ጋር ገጠመ፤ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚሰበሰብበት ቀን ነውና ባልና ሚስቱ ደስ አላቸው።

በዋዜማው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሚሰገደው ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ሻም ወደሚባለው ሶርያ ድረስ ሄደው ተምረው የተመለሱ ሐጂ ሳዲቅ የሚባሉ እንግዳ መጡ። ሸህ ሙሄ ምርጡን ፍሬ ቀጥፈው «ይቅመሱ፤ አላህ የማለበት ነው» አሏቸው። እንግዳው በሉና አመሰገኑ፤ ከዚያም እንዲህ አሉ።

«ሸህ ሙሄ፣ ፍሬዎ ጣፋጭ ነው። የተማለበት ዘይቱን ግን ይህ አይደለም። እሱን ሻም አይቼዋለሁ፤ ከፍሬው ዘይት ይጨመቃል። ዘመዱን ማየት ከፈለጉ እጅዎ ላይ ነው።»

ሸህ ሙሄ ምርኩዛቸውን አገላብጠው አዩት። ወይራ ነው። «ሱብሓነላህ» አሉና ሳቁ። «የተማለበትን ተደግፌ ያልተማለበትን ሳሞግስ ኖሬያለሁ።»

ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም፤ ነገ በሩ ላይ የሚሰለፈው ሰው ትዝ አላቸው። ሐጂ ሳዲቅም ገባቸውና «ፍሬው ሐላል ነው። መውሊዱ ይለፍና ቀስ ብለው ይንገሯቸው» አሏቸው። ሩቅያ ነገሩን ስትሰማ እንግዳውን ደገፈች።

«ብርቱካኑ እንደሆነ የለ። ይህም ከቀረ ዓመቱን ምን ልንበላ ነው? ሰዉ የሚመጣው ለስሙ ነው።»

«እኮ፣ ለስሙ ነው» አሉ ሸህ ሙሄ። «እስከ ዛሬ ባለማወቄ ዑዝር፣ ጌታዬ ፊት የማቀርበው ምክንያት፣ ነበረኝ። ነገ ዑዝሬ ምን ይሆናል፣ ሩቅያ?»

ሩቅያ ተነሣች። ቅርጫቶቹንም አሰናዳች።

በማግስቱ ጠዋት ሰዉ በሩ ላይ ሲሰበሰብ ሸህ ሙሄ ወጥተው ቆሙ። «ወገኖቼ፣ ይህ ፍሬ አላህ የማለበት አይደለም። ስሙ ተመሳስሎብን ነው። እኔም ያወቅሁት ትናንት ነው። ለመሐላው ብላችሁ የመጣችሁ ተመለሱ፤ እስካሁን ለወሰዳችሁትም ዐውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

ሰዉ አጉረመረመ፤ አብዛኛውም ተመለሰ። አንዱማ «ጓሮዬ ያለውን ትቼ ስንት ዓመት ወንዝ ስሻገር» እያለ ሄደ። ዘምዘም የምትባል ከቆላ የመጣች ሴት ግን መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባቴ፣ ልጄ ታሞ እህል እምቢ ብሏል። የተማለበትን አመጣልሃለሁ ብዬው ነው የመጣሁ። ለኔ ሲሉ፣ ነው ይበሉኝና ይስጡኝ።»

ሸህ ሙሄ የሰዉን መመለስ ችለውት ነበር። ይህ ግን አንጀታቸውን በላው። አንዲት ቃል ብትወጣ ሴትዮዋ ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ የሚጎዳም ያለ አይመስልም።

«ልጄ» አሏት በመጨረሻ፣ «ብዋሽልሽ ተስፋሽን ከጌታሽ ወስጄ ዛፍ ላይ ሰቀልኩት ማለት ነው። ፍሬውን ውሰጂለት፤ ይጣፍጠዋል። ሽፋውን፣ መዳኑን፣ ከባለቤቱ አብረን እንለምን።»

እጃቸውን አንሥተው ዱዓ አደረጉ፤ የቀረው ሰው አሚን አለ። ሩቅያም የበሰለውን መርጣ ያለ ምንም ዋጋ ሞላችላት። ልጁ ዳነ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ታሪኩን የነገሩኝ ሰዎች ይህን አልነገሩኝም፤ እኔም ከራሴ አልጨምርም።

የዚያ ዓመት ዘይቱን አብዛኛው በመስጊዱ ኪታብ የሚማሩ ደረሳዎች ሲሳይ ሆነ። ባልና ሚስቱ በዛፎቹ መሐል ጎመን ተክለው ከረሙ። ኑሮው ሳሳ፤ ቤቱ ግን ደስታ አላጣም፤ ሩቅያም ጎመኑን «ያልተማለበት» እያለች ታቀርብላቸው ነበር። በዓመቱ ጣዕሙ የናፈቀው ሰው አንድ ሁለት እያለ መመለስ ጀመረ። ሐጂ ሳዲቅም በዚያ ሲያልፉ «አልተጸጸቱም?» ብለው ጠየቋቸው።

«ዛፌ ጣፋጭ ነው እላለሁ» አሉ ሸህ ሙሄ። «አላህ ምሎልኛል ግን አልልም።»

ወንድሞችና እህቶች፣ እኛ ሽንኩርት ስንመዝን ወላሂ፣ ጨርቅ ስንለካ ወላሂ የምንል ሰዎች ነን። ገዢው ፊቱን ካዞረ ደግሞ አንድ ወላሂ እንመርቅለታለን። እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር አፍራለሁ። ሸህ ሙሄ ዕቃ ለመሸጥ ብለው አንድም ቀን የአላህን ስም ጠርተው አልማሉም። ሰው በስህተት ያስጠጋላቸውን መሐላ እንኳ፣ ገበያቸው ሊደራ በነበረበት ጠዋት፣ ለባለቤቱ ለአላህ መለሱ።