እዝባር የዋጠው ስም

ነገሩ የመቶ ስልሳ ሺህ ብር ነው። እኔ እየቆጠርኩ ልንገራችሁ፣ እናንተ እየተቀበላችሁ ስሙ።

ቡታጅራ ገበያ በርበሬ የምትሸጠው ዘርፌ ተክለማርያም የራሷን ወፍጮ ፈለገች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰው ወፍጮ ቤት ተሰልፋለች። የከፈለችውን ደምሬዋለሁ፤ ሁለት ወፍጮ ይገዛል፣ እሷ ግን አንድም የላት። ሻጩ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ እጠብቅሻለሁ ስላላት መቶ ስልሳ ሺህ ብር ልትበደር ባንክ ሄደች።

«እትዬ፣ ስምዎ ላይ ያልተከፈለ ዕዳ አለ» አላት የባንኩ ሠራተኛ። «ሻሸመኔ ካለ የብድር ተቋም ባጃጅ ወስደዋል።»

«እኔ? ባጃጅ ላይ ስሳፈር እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

«የብድር መዝገቡ ካልጠራ አናበድርም።»

ባንኩ አያበድር፣ ዘርፌ ወፍጮ የላት።

መዝገቡን ለሚይዘው መሥሪያ ቤት አቤት አለች። «ያበደረው ተቋም ደብዳቤ ካልጻፈ አናጠራም» አሏት።

ደብዳቤው አይጻፍ፣ መዝገቡ አይጠራ፣ ባንኩ አያበድር፣ ዘርፌ ወፍጮ የላት።

ሻሸመኔ ሄደች። የተቋሙ ፋይል ጠባቂ አስካለ «ማኅተም ያለው ማዘዣ ካላየሁ ፋይል አልከፍትም» አለች። ማኅተሙን የሚይዘው አቶ ሽብሩ ነው፤ አቶ ሽብሩ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው።

ማኅተሙ አይመታ፣ ፋይሉ አይከፈት፣ ደብዳቤው አይጻፍ፣ መዝገቡ አይጠራ፣ ባንኩ አያበድር፣ ዘርፌ ወፍጮ የላት።

አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ስልኳ ጮኸ። የዕዳዋን ወሬ ገበያው ሁሉ ሰምቶት ነበር፤ ሌባም ከገበያ አይጠፋም።

«እናቴ፣ ከመዝገቡ ነው የምደውለው። አሁኑኑ ላጥራልዎት። ስልክዎ ላይ ስድስት ቁጥር ይመጣል፣ ያንብቡልኝ።»

ቁጥሩ መጣ። ዘርፌ ቆጠረችው፣ ልክ ስድስት ነው።

«ልጄ፣ ዕዳዬ ስንት ነው?»

«እ... ብዙ ነው፣ እናቴ።»

«ከመዝገቡ ብትሆን እስከ ሳንቲሙ ትነግረኝ ነበር» ብላ ዘጋችበት።

ዘርፌ ቁጥሯን አትሰጥ፣ ማኅተሙ አይመታ፣ ፋይሉ አይከፈት፣ ደብዳቤው አይጻፍ፣ መዝገቡ አይጠራ፣ ባንኩ አያበድር፣ ወፍጮው አይገዛ።

በመጨረሻ አቶ ሽብሩ ከስብሰባ ወጣ። «የመታወቂያ ቅጂ፣ የባንክ ደብተርም ቅጂ» አለ።

የመታወቂያውን ቅጂ ሰጠችው። በላዩ ላይ አግድም «ለዚህ ዕዳ ማጣሪያ ብቻ» ብላ ጽፋበታለች።

«ቅጂውን አበላሹት እኮ።»

«አላበላሸሁትም፣ አሰርኩት። ያልታሰረ በግ ሰው ግቢ ያድራል። ደብተሬን ግን አልሰጥም፤ የሌለብኝን ዕዳ ለማጥራት ያለኝን ገንዘብ ማየት ምን ይሠራል?»

«ስሙ የእርስዎ ነዋ። ይኸው፣ የተበዳሪዎች ዝርዝራችን ዘርፌ ተ እዝባር ማርያም ይላል።»

«እዝባሩ የዋጠው ምንድን ነው?»

«ተክለ ነዋ።»

«ማን ነገረዎት? ተስፋ ቢሆንስ?»

አቶ ሽብሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እናቴ ወለተሐና ነበረች። ክሊኒክ ካርዷ ላይ ወ እዝባር ሐና ብለው ጻፉ። ተራዋ ሲደርስ ‹አቶ ወልደሐና› ብለው ተጣሩ። ሦስት ሰዓት ጠብቃ፣ አቶ ስላልሆነች ተራዋ አለፋት።»

ደብተሩን መጠየቁን ትቶ ማኅተሙን አነሣ።

ማኅተሙ ተመታ፣ ፋይሉ ተከፈተ። ፎርሙ ላይ የሌላ ሴት ፎቶ፣ ከሥሩም በእጅ ጽሑፍ «ዘርፌ ተስፋማርያም» የሚል ስም ወጣ።

«አስካለ፣ የሴትዮዋን አድራሻ በእጅሽ ሸፍኚው» አለች ዘርፌ። «እኔ ስሟን እንጂ ቤቷን አልፈለግሁም።»

ፋይሉ ተከፈተ፣ ደብዳቤው ተጻፈ፤ ደብዳቤው ተጻፈ፣ መዝገቡ ጠራ፤ መዝገቡ ጠራ፣ ባንኩ አበደረ፤ ባንኩ አበደረ፣ ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ወፍጮው ተገዛ።

እንግዲህ ሒሳቡ። ወጪ፦ የመንገድ ስምንት መቶ ብር፣ የቅጂ አሥራ ሁለት ብር፣ የባከነ የገበያ ቀን ሦስት። ከመጥፋት የተረፈ፦ ደብተሯ ላይ ያለው ሃያ ሦስት ሺህ አራት መቶ ብር፤ ስድስቱን ቁጥር አንብባ ቢሆን አንድም አይቀርላትም ነበር። መቶ ስልሳ ሺሁን ትርፍ አልለውም፣ የሚመለስ ነው። ትርፉ ወፍጮው ነው። የሻሸመኔዋ ዘርፌ ባጃጇን እየነዳች ነው፤ ዕዳዋን ግን ከእንግዲህ ራሷ ትቁጠረው።