አላድርም ያለው የማታ ወተት

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ለኋለኞቹም ቦታ ልቀቁላቸው። ጨዋታዬ ረጅም ናት፣ ግን ቶሎ ትሮጣለች።

ሾላ ሜዳ በምትባል ትንሽ ከተማ ዳር ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ዓይኗም መሬት መሬት ያያል። ቡሬ የምትባል ላም አለቻቸው። የቡሬን የጠዋት ወተት የወተት ማኅበሩ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። የማታው ግን እስኪነጋ ይበላሻል። አባቷ አቶ ጓንጉል፣ «ግማሽ ወተቷ የሚደፋ ላም ምን ትሠራልኛለች? ለፋሲካ ገበያ እሸጣታለሁ» አሉ።

ትርንጎ ደነገጠች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማታው ወተት እንዲያድር።

«ወተት፣ እባክህ እደር» አለችው።

«አላድርም» አለ ወተቱ። «ይሞቀኛል። ማቀዝቀዣውን ለምኚው።»

ማቀዝቀዣው በማኅበሩ ግቢ ቆሟል። «አላቀዘቅዝም» አለ። «ሞተሬ ታሟል። ሊቀመንበሩን ለምኚያቸው።»

ሊቀመንበሩ ጋሽ መኩሪያ ካፖርታቸውን ማቀዝቀዣው ላይ ሰቅለውበታል። «ጠጋኝ ከየት ላምጣ፣ ልጄ? የነበረን አንድ ጠጋኝ ትልቅ ከተማ ገብቶ ቀረ። የሙያ ማሠልጠኛው ሌላ ያውጣልን እንጂ!»

ማኅበሩ ጠጋኝ አላገኘም፤ ማቀዝቀዣው አላቀዘቀዘም፤ ወተቱ አላደረም፤ ቡሬም ልትሸጥ ነው።

ትርንጎ ወደ ሙያ ማሠልጠኛው ሄደች። መምህርት የሺመቤት ጠመኔያቸውን እንደያዙ ሰሟት። «ተማሪ ሞልቶኛል፣ የኔ እናት። ግን የማቀዝቀዣ ሞተር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ነው የማሳያቸው። ሥዕል ደግሞ አይፈታም፣ አይገጠምም። ማቀዝቀዣ የሞላው የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ እውነተኛውን ያሳየን እንጂ!»

ማሠልጠኛው ልጆቹን አላሠለጠነም፤ ማኅበሩ ጠጋኝ አላገኘም፤ ማቀዝቀዣው አላቀዘቀዘም፤ ወተቱ አላደረም፤ ቡሬም ልትሸጥ ነው።

ትርንጎ ወደ ለስላሳ መጠጥ ፋብሪካው ሄደች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኑርዬ ሳቁ። «ሞተርስ አለኝ። እኔም ራሴ ጠጋኝ አጥቼ ከሩቅ ነው የማስመጣው። ግን ልጆቹ ፈታትተው ቢያበላሹብኝ ማን ይተካልኛል? አንቺ ትተኪያለሽ? መንግሥት ይደግፈን እንጂ!»

ፋብሪካው ሞተሩን አላዋሰም፤ ማሠልጠኛው ልጆቹን አላሠለጠነም፤ ማኅበሩ ጠጋኝ አላገኘም፤ ማቀዝቀዣው አላቀዘቀዘም፤ ወተቱ አላደረም፤ ቡሬም ልትሸጥ ነው።

ትርንጎ ወደ መንግሥት ቢሮ ገባች። የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ አስካለ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«መንግሥትማ ለዚሁ ብሎ ገንዘብ መድቧል። ባለሙያ ለጠፋበት አካባቢ ባለሙያ ለሚያፈሩ ነው። ግን ለብቻው ለመጣ አይሰጥም። የሚያሠለጥነውም፣ መሣሪያ ያለውም፣ ባለሙያ የቸገረውም አብረው መምጣት አለባቸው።»

«ታዲያ ለምን አልመጡም?» አለች ትርንጎ።

«እኔም በሩን እያየሁ ነው» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ቢሮው ገንዘቡን አልለቀቀም፤ ፋብሪካው ሞተሩን አላዋሰም፤ ማሠልጠኛው ልጆቹን አላሠለጠነም፤ ማኅበሩ ጠጋኝ አላገኘም፤ ማቀዝቀዣው አላቀዘቀዘም፤ ወተቱ አላደረም፤ ቡሬም ልትሸጥ ነው!

ትርንጎ በመጣችበት ተመለሰች። የሰማችውን ለሦስቱም ነገረቻቸው። ሦስቱም፣ «እስከ በሩ እመጣለሁ፤ እነሱ ግን ይቅደሙ» አሏት።

በፋሲካው ገበያ ዋዜማ ሦስቱም ለብሰው ተጫምተው መጡ። የቢሮው በር ጠባብ ነው።

«ይግቡ እንጂ፣ መምህርት» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«ኧረ እርስዎ ቆመው! በዕድሜ ይበልጡኛል። ይቅደሙ።»

«በፍጹም! አቶ ኑርዬ ይቅደሙ፤ እንግዳችን ናቸው።»

«ሁለታችሁን ትቼ? ምን በወጣኝ!»

ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ ይቅደሙ፣ በሞቴ ይቅደሙ ሲባባሉ ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ውስጥ ወይዘሮ አስካለ ቢሮውን ዘግተው ሊሄዱ ቦርሳቸውን አንጠለጠሉ። ትርንጎ ቦርሳውን አየች፣ የነገውን ገበያ አሰበች። ያ ቀጭን ድምፅ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ግቢውን አናወጠው።

«ቡሬ ነገ ልትሸጥብኝ ነው!»

ብላም አልቀረች፤ ሦስቱን በአንድ ላይ ከኋላ ገፋቻቸው። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ዘው አሉ። ቀድማ የገባችው የጋሽ መኩሪያ ባርኔጣ ብቻ ናት።

ወይዘሮ አስካለ ሳቃቸው መጣ። «ማን ቀደመ?»

«ማንም!» አሉ ሦስቱም ልብሳቸውን እያራገፉ።

«እኔም የምፈልገው እሱን ነው። ተቀመጡ።»

በዚያው ምሽት ጋሽ መኩሪያ አቶ ጓንጉል ቤት ድረስ ሄዱ። «እስከ ክረምት ታገሠኝ» አሉ።

«ከቢሮ የመጣ ተስፋ ሆድ አይሞላም» ብለው አጉረመረሙ አቶ ጓንጉል። ልጃቸውን አዩ። «ይሁን። እስከ ክረምት ብቻ።»

አሁን እንግዲህ ሩጫ ነው። ቢሮው ገንዘቡን ለቀቀ፤ ፋብሪካው ሞተሩን አዋሰ፤ ማሠልጠኛው ልጆቹን አሠለጠነ። ልጆቹ ፈቱ፣ ገጠሙ፣ አበላሹ፣ እንደገና ፈቱ። ማኅበሩ ጠጋኝ አገኘ፤ ጋሽ መኩሪያ ካፖርታቸውን አነሡ። ማቀዝቀዣው አንዴ ሳል አለ፣ ሁለተኛ ሳል አለ፣ ከዚያ ማንጎራጎር ጀመረ። ወተቱም አደረ!

ሲነጋ ትርንጎ ከማቀዝቀዣው ጥቂት ቀድታ ለአባቷ አመጣች። አቶ ጓንጉል አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ ጨለጡት።

«ቡሬን አሁን ነው ያለብሻት?»

«የትናንት ማታ ነው፣ አባዬ።»

አቶ ጓንጉል ባዶውን ኩባያ አስቀመጡ። ከዚያ ቡሬን ወደ ገበያ ሊጎትቱበት ያዘጋጁትን አዲስ ገመድ ከጓዳ አወጡና ለትርንጎ ሰጧት።

«እንኪ» አሉ፣ «ልብስ አስጪበት።»

የኔ ጨዋታ እዚህ አለቀች፤ የእናንተን አምጡ።