የአንለይ ልጅ ክርስትና አባት

በአንድ ወቅት፣ መንገድ ዳር ባለች ከተማ፣ አንለይ የሚባል ጨዋታ አዋቂ ግንበኛ ይኖር ነበር። አንድ ክረምት ይሠራበት የነበረው የግንባታ ካምፕ አለቃ አስገድዶ ደፈረው። ከዚያ ወዲህ ሳቁ ጠፋ። ወንድ ሆኜ ይህን ለማን እናገራለሁ፣ ሰው ይስቅብኛል እያለ ራሱን በላ።

መጀመሪያ የደረሰለት ባልደረባው ጥጋቡ ነው። አንለይ ካምፑን ሸሽቶ፣ ዝናብ እየዘነበ ውጭ ማደር መጀመሩን አይቶ ጠየቀው። አንለይም አንገቱን ደፍቶ ነገረው። ጥጋቡ ለምን አልታገልክም አላለውም። «አምንሃለሁ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አለው። ከዚያም ቤቱ አስገብቶ አስተኛው፤ እሱ ራሱ ክረምቱን ሙሉ በሩ ሥር ተኛለት።

ሁለተኛው፣ ጥጋቡ አንለይን እጁን ይዞ የወሰደበት ጤና ጣቢያ ነርስ፣ ውባንተ ነው። ሰውነቱን አከመው፤ ሲድንም በቃህ ብሎ አላሰናበተውም። በየሳምንቱ በሩን ዘግቶ አዳመጠው፤ ሲቆጣም፣ ሲያለቅስም። ቀስ በቀስ እንቅልፉ ተመለሰ፤ አለቃውን ለመክሰስም አቅም አገኘ።

ሦስተኛው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሽባባው ናቸው። የክሱ ወሬ ሲሰማ በእድሩ ስብሰባ ላይ ወንድ ይደፈራል እንዴ ብለው የሳቁ ነበሩ። ጋሽ ሽባባው ተነሡ። «በወጣትነቴ እኔም ላይ ደርሷል። አሁን ሳቁ» አሉ። የሳቀ አልነበረም። አለቃውም ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈረደበት። እሳቸው ግን ዳግመኛ ዳኛ ሆነው አልተመረጡም።

አንለይ ውለታ አይረሳም፤ ሲያመሰግን ግን ለአፉ ልክ የለውም። የመጀመሪያ ወንድ ልጁን ክርስትና እንዲያነሡለት ለሦስቱም ለየብቻቸው ቃል ገብቶላቸው ኖሯል።

አገባ፤ ሚስቱም ወንድ ወለደች። በአርባ ቀኑ ሦስቱም ለሕፃኑ ነጭ ልብስ ይዘው ቤተ ክርስቲያን መጡ። እርስ በርስ ተያዩና ነገሩ ገባቸው። አንለይ በእፍረት የሚገባበት ጠፋው። ቄሱ ደግሞ ክርስትና የሚያነሣው አንድ ሰው ብቻ ነው አሉ።

«አንለይን ያዳነው ውባንተ ነው፤ እሱ ያንሣው» አለ ጥጋቡ።

«እኔ ሥራዬን ነው የሠራሁት» አለ ውባንተ። «ክብራቸውን የሰጡለት ጋሽ ሽባባው ናቸው።»

ጋሽ ሽባባው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሚያምነው ሰው ባያገኝ ኖሮ እኛ ጋ መቼ ይደርስ ነበር? ጥጋቡ ያንሣው» አሉ።

አንለይ ልጁን እንዳቀፈ አለቀሰ። ያን ክረምት የሚነግረው አንድ ሰው እንኳ አጥቶ ነበር፤ ዛሬ ሦስት ሰው በዛበት። ደስ አለው፤ ተጨነቀም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ልጁን ለማን ይስጥ?