በቀጭን ድስት የተገነፋ ገንፎ

አንድ ሰው ነበር። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ወልዳ ሆስፒታል ተኝታለች። ሕፃኑ ደህና ነው፣ እሷም ደህና ናት። ሊጠይቃት ሲገባ ግን ስታለቅስ አገኛት።

«ምነው ፀዳለ?»

«እናት የሌላት አራስ ማን ገንፎ ያገነፋላታል?» አለችው።

ሰውዬው በሕይወቱ ገንፎ አገንፍቶ አያውቅም። ቢሆንም «እኔ» አላት። «ነገ ቤት ስትገቢ ትኩስ ገንፎ ይጠብቅሻል።»

ወገኖቼ፣ አልጋ አጠገብ ቆሞ ቃል መግባት ቀላል ነው። ቃሉ የሚፈተነው ማዕድ ቤት ነው።

በማግስቱ ጠዋት የገብስ ዱቄቱን አዘጋጀ። ምድጃቸው ኢንዳክሽን የሚባለው ነው፤ ላዩ መስታወት፣ ነበልባል የለው፣ የሚቀላ ሽቦ የለው። ገና አዲስ ነው፤ ከሻይ ማፍያ በቀር አልተጣደበትም። ሰውዬው ከዕቃዎቻቸው ሁሉ የሚያምረውን አወጣ፤ ለሠርጋቸው የተሰጣቸውን፣ ባለ ወርቃማ እጀታውን የአሉሚኒየም ድስት። ውኃ ሞላ፣ ጣደ፣ ቁልፉን ነካ።

ምድጃው ጢጥ፣ ጢጥ አለና ጠፋ።

እንደገና ነካ። ጢጥ፣ ጢጥ። ድስቱን አነሣ፣ ታቹን ወለወለ፣ መለሰ። ጢጥ፣ ጢጥ።

«ተበላሽቷል!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤታቸው እትዬ አስካለች ሰምተው በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

«ምን ሆነሃል? አራሷ አንተ ነህ እንዴ?»

ነገራቸው። ሳቁበት። ከዚያ ከፍሪጁ በር ላይ የተለጠፈችውን ማግኔት ነቅለው ከድስቱ ታች አስጠጓት። አልያዘችም፤ ወደቀች።

«ምድጃህ ምንም አልሆነም» አሉት። «እኔንም ጉድ ሠርቶኝ ነው የተማርኩት። ማግኔት የሚይዘውን ዕቃ ብቻ ነው የሚያሞቀው። ማን ሸለመህ፣ በስንት ተገዛ፣ አይልም።»

ያለውን ድስት ሁሉ እየገለበጡ ሞከሩ። ማግኔቷ ወደቀች። ወደቀች። በመጨረሻ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አንድ ቀጭን የብረት ድስት ወጣ። በላጤነቱ ከመንገድ ዳር በርካሽ የገዛው ነው፤ ፀዳለ የልብስ መቆንጠጫ ታስቀምጥበታለች። ማግኔቷ ጥብቅ አለች።

«በዚህ?» አለ ሰውዬው።

«በዚህ።»

አጥቦ ጣደው። ውኃው ወዲያው ፈላ። ደስ አለውና ዱቄቱን ጨምሮ ሙቀቱን እስከ መጨረሻው ሰቀለው። ድስቱ ግን ስስ ነው፤ መሐሉ ብቻ ነደደ። የማረር ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ቀንስ! ቀንስ!» አሉ እትዬ አስካለች። «ርካሹም ይሠራል፤ ግን አይቸኮልበትም።»

ቀነሰ። ማማሰያውን ይዞ ታገለ። ገንፎው እየጠነከረ ሲሄድ ድስቱ በለስላሳው መስታወት ላይ አብሮት ይዞር ጀመር። በእግሮቹ መሐል ሊይዘው ብሎ ከምድጃው አወረደው፤ ምድጃው ጢጥ አለና ጠፋ።

«አምጣ፣ እኔ ላገንፋው። ይሄ የወንድ ሥራ አይደለም።»

«አይሆንም እትዬ። እኔ ነኝ ያልኳት።»

እትዬ አስካለች ድስቱን ምድጃው ላይ መልሰው እጀታዎቹን በጨርቅ ጨበጡ።

«በል እንግዲህ፣ የፀዳለ ባል። ክንድ ካለህ አሳየና! ላብህን ግን ገንፎው ላይ እንዳታንጠባጥብ!»

እሳቸው ያዙ፣ እሱ አማሰለ። ክንዱ ዛለ። አላቆመም።

ከታች ፀዳለን ያመጣው መኪና ጥሩምባ ሲሰማ ገንፎው ወጥቶ፣ መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ፣ ቅቤና በርበሬው ገብቶበት ነበር።

ፀዳለ አልጋው ላይ ተደግፋ አንድ ጎረሰች።

«ትንሽ አሯል» አለች። ደግማ ጎረሰች። ዕንባዋ ወረደ። «ግን ጨምርልኝ።»

አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ። ያ የሚያምር ድስት ምን ጎደለው? ውበት? ክብር? ኃይሉ ከሥሩ ነበረ፤ መቀበል ግን አልሆነለትም። ድስት ብረቱን መለወጥ አይችልም፤ በዚህ አይፈረድበትም። እናንተ ግን ልብ አላችሁ። እግዚአብሔር ሲጠራችሁ እሺ ማለት ትችላላችሁ። ዛሬ ትችላላችሁ።

ከመሐላችሁ «እኔ ስስ ነኝ፣ ከርካሾቹ ነኝ» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ቶሎ ትሞቃላችሁ፣ ቶሎ ታርራላችሁ። ሰኞ በዕንባ የጀመራችሁትን ጸሎት ሐሙስ ትተዉታላችሁ። ታዲያ ልትጣሉ ነው? አይደለም! ሙቀቱን መጥኑ። ከምድጃው አትውረዱ። ብቻችሁን መርጋት ሲያቅታችሁ የሚይዛችሁ ሰው ጥሩ፤ መጥራት አያሳፍርም።

ቃል የገባችሁለት ሰው አለ። እናት ናት፣ ልጅ ነው፣ የታመመ ጓደኛ ነው። አሁንም በር በሩን እያየ ነው። «የተሻልሁ ሰው ስሆን እፈጽመዋለሁ» ትላላችሁ። እስከ መቼ? የተራበ ሰው የሚያየው ምግቡን ነው እንጂ ድስታችሁን አይደለም።

ያርርብኛል ብላችሁ ፈርታችሁ እንደሆነ፣ ይረር። አቅርቡት።